ሾፌሩ ወንዳፍራሽ

ሸዋ ሮቢት፣ ከጣቢያው ጥግ፣ ሀዲዱ ከሚታጠፍበት፣
ማሾ ተሰጥቷል ዛሬ፣ ባቡር ይቆማል በተባለበት።
እኔ ነኝ ዘበኛው። ቁልፍ አለኝ፣ ፊሽካ አለኝ፣ ዱላ፤
መንገደኛ ነው የጠፋው እንጂ ሌላው ሁሉ ሞላ።
ወንበሮቹ ላስቲካቸውን እንደለበሱ አቧራ ጠጡ፤
የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ ባትሪ የሚገዙት አልመጡ።

ይህን ሁሉ ሳይሠራ ያየ አንድ ሰው ነበር በሰፈራችን፣
የእናቴ ወንድም ወንዳፍራሽ፣ ሾፌሩ፣ መሳቂያችን።
በልጅነቱ ከግመል ነጂዎች ኋላ አዋሽ ወርዶ፣
እዚያው ቀረ፣ የእሳትን ጠባይ፣ የእንፋሎትን ቁጣ ለምዶ።

«ሾፌር ነበርኩ» ሲል፣ እኛ የምናውቀው መሪ የሚጨብጠውን፣
አይሱዙ ሙሉ ሽንኩርት ጭኖ ጥሩምባ የሚያንባርቀውን፤
«ታዲያ መኪናህ የታለ?» እያልን ስንስቅ፣
«ሾፌር በፈረንጅ አፍ» ይለናል፣ «እሳት የሚያሞቅ!
መሪ የለው፣ ፍሬን የለው፣ መስኮት የለው እሱ፣
አካፋና ላብ ነው ዕቃው፣ ጥቀርሻ ነው ልብሱ።
ዳገት ላይ ታምጣለች፣ እንደ ወላድ ትጮኻለች፤
ከሰል ስታሳንስባት ትቆማለች፣ ስታበዛባት ትታመማለች።
ሌሊት በሯን ስትከፍተው ፊት ይጠብሳል ብርሃኗ፤
ዱር ያለችው ሚዳቋ እንኳ ቀይ ሆኖ ይታያል ዓይኗ።»

የግራ ቅንድቡ የለም፤ ምድጃው በልቶታል።
የቀኝ ጆሮው አይሰማም፤ ጩኸቱ ወስዶታል።
በቀረው ጆሮ ግን ይሰማ ነበር፣ ሌላው የማይሰማውን፣
ከአዋሽ ተነሥቶ በበረሃው ወደኛ የሚመጣውን።

«ባቡር ዛፍ ነው» ይል ነበር፣ የሻይ ብርጭቆውን አንቆ፣
«ግንዱ አዋሽ ላይ አለ፤ ቅርንጫፍ ያወጣል ጊዜውን ጠብቆ።
ሮቢን ይሻገራል አንድ ቀን፣ ጀውሃን፣ ኤፌሶንን፤
ያን ቀን ትጠሩኛላችሁ፣ አሙቅልን ብላችሁ እሳቱን።»

ሰው ሳቀ። ዘመን አለፈ። ናፍጣው እንፋሎቱን ገፋው፤
የሱ ባቡር ድሬዳዋ ቀረች፣ ቁጥሯን ዝገት አጠፋው።

እና አንድ በጋ ቀይ ችካል የያዙ ቀያሾች መጡ፤
ከማሽላዬ መሀል ለሀዲድ መንገድ ቆረጡ።
ካሳ ወሰድኩ፣ በሬ ሸጥኩ፣ ዘበኛ ሆንኩ።

አርጅቶ ነበር። ዓይኑ ጉም ለብሷል። ክንዱን ይዤ ወሰድኩት፤
«ይኸው ሀዲዱ» ብዬ እጁን ብረቱ ላይ አሳረፍኩት።
ዳሰሰ። ወርዱን በስንዝር ለካ። ራሱን ነቀነቀ።
«ሰፊ ነው፤ ከኛው ይሰፋል» አለና ትንሽ ሳቀ።
«ውኃ የሚጠጣው የት ነው? የታለ የውኃው ግንብ?»
«ውኃ አይጠጣም ጋሼ፤ ከሽቦ ነው ኃይል የሚስብ።»
«ከሰልስ?» «የለም።» «እንጨትስ?» «የለም።» «ጭስስ?» «ጭስም የለው።»
ዝም አለ፣ ብዙ። «ታዲያ እኔ» አለ፣ «ምኑን ነው የማሞቀው?»

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እየዳበሰ ይመጣል፤
ደህናውን ጆሮ ዝቅ አድርጎ ብረቱ ላይ ያስቀምጣል።
ጠርዟ ያለቀ ደብተር ነበረችው፤ ይሰጠኝና
«ጻፍ» ይለኛል። «አልመጣም» ልል ስጀምር፣ ተቆጣ ገና፦
«አልመጣም የሚባል ነገር የለም በባቡር ሥራ፤
ወይ ‹ደርሷል›፣ ወይ ‹ዘግይቷል› ነው። ሌላ ቃል እንዳትሠራ።»

ባለፈው ኅዳር፣ ማሽላ ሲታጨድ፣ ሞተ።
«ሾፌር ወንዳፍራሽ» ሲባል ቀብሩ ላይ ማንም አልሳቀ፤
አልቃሿ ግን መኪና ሰጠችው፣ ከነጎማው የደመቀ።

ዛሬ ጧት፣ ሰው ሳያየኝ፣ ተንበርክኬ ጆሮ አስጠጋሁ።
ዝም አለ መጀመሪያ። ከዚያ አንዲት «ቋ» የምትል ሰማሁ።
ፀሐይ ናት፣ አውቃለሁ፤ ብረት ሲሞቅ ይንጠራራል፤
እሱ ቢኖር «ማነው ሾፌሩ ዛሬ?» ብሎ ይጣራል።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ብዬ ጻፍኩ። ዘግይቷል።
ከጣርማ በር ደመና ወርዷል፣ ማሾውን ሊያበሰብሰው ነው፤
ፊሽካዬን ነፋሁ። ሴቶቹ ጆንያ ይዘው እየሮጡ ነው።